ታህቱን ጠይቁ፦ ሀዋሳ ላይ ለልጅ ትምህርት ቤት ስትመርጡ

ነሐሴ ላይ ከመናኸሪያ ተነስታችሁ በባጃጅ እስከ አቶቴ ብትሄዱ ዓይናችሁ ከባነር አያርፍም። አንዱ «የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን 100% አሳልፈናል» ይላል፤ ቀጣዩ የተማሪዎቹን ጉርድ ፎቶ ደርድሮ ከሥር ውጤታቸውን ጽፏል። የመጀመሪያ ልጄን 7ኛ ክፍል ያስመዘገብኩት እንዲህ ያለ ባነር አምኜ ነው። ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፈ፣ የ8ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ሊጀመር ሲል፣ ቢሮ ተጠራሁና «ልጅዎ ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል» ተብዬ መሸኛው በእጄ ተሰጠኝ። በተከታዩ ነሐሴ ባነሩ ታድሶ ወጣ። አሁንም 100% ነው። ውሸት አልነበረም፤ የእኔ ልጅ ከስሌቱ ወጥቷል እንጂ።

ሒሳብ ክፍል ላዕልና ታህት የተባሉትን ታስታውሷቸዋላችሁ፤ ከክፍልፋዩ መስመር በላይና በታች ያሉት ቁጥሮች። ላዕሉን ትምህርት ቤቱ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ታህቱን ግን ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። ሁለተኛ ልጄ በምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቁጥሩ የት እንደሚቀመጥና መቼ ቢጠየቅ እንደሚገኝ ያወቅሁት እዚያ ነው።

1. ግንቦት ላይ ጀምሩ

አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት መፈለግ የምንጀምረው ጳጉሜ ሊገባ ሲል ነው። ያኔ ርዕሰ መምህሩ ምዝገባ ላይ ነው፣ መምህራኑ አልገቡም፣ ክፍሎቹ ተቆልፈዋል፤ የሚታየው አዲስ የተቀባ አጥርና ባነር ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ የአንደኛው ሴሚስተር ሮስተር (የውጤት መዝገብ) ተዘግቷል፣ ደብተሮቹ ተሞልተዋል። የምታዩት እውነተኛውን ትምህርት ቤት ነው።

2. የት እንደሚያበቃና ምን ያህል እንደሚርቅ እወቁ

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አደረጃጀቱን ቀይሮታል። ቀድሞ ከ1ኛ እስከ 8ኛ አንድ እርከን የነበረው አሁን ከ1ኛ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። ከ1ኛ በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ አለ፤ 1ኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እስከ ስንተኛ ታስተምራላችሁ?» ነው። 6ኛ ላይ የሚያበቃ ከሆነ የ5ኛ ክፍል ልጃችሁን አሁን አስገብታችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍለጋውን እንደገና ትጀምራላችሁ። (የአምስት ዓመት ልጅ «ጎበዝ ነው» ብላችሁ 1ኛ ክፍል ለማስገባት አትሯሯጡ። ጎበዝነቱ የትም አይሄድም።)

ርቀቱን በካርታ ሳይሆን በእግር ለኩት። ጠዋት 1፡30 ከቤት ውጡና ከልጁ ጋር ሂዱ። ከሻሸመኔ ወደ ዲላ የሚያልፈውን አስፋልት የሚያቋርጥ መንገድ ከሆነ በየቀኑ ማን እንደሚያሻግረው አሁኑኑ ወስኑ። በኮንትራት ባጃጅ የሚመላለስ ከሆነ የወር ሒሳቡን በአስር አባዙና ከትምህርት ክፍያው ጋር ደምሩት። ጎረቤቴ ርካሽ ብላ የመረጠችው ትምህርት ቤት ባጃጁ ሲደመር ከሰፈራችን ውዱ በልጦባታል።

3. አራቱን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ጠይቁ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ረጋ በሉበት። ደብተር ይዛችሁ ግቡ። መጻፍ የያዘ ወላጅ ሲያዩ መልሳቸውም ይስተካከላል።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቢሮ ልንገራችሁ። ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ፍሊፕ ቻርት ተለጥፏል፤ ርዕሱ «የውጤት ትንተና»፣ ዓምዶቹ «የተፈተኑ»፣ «ያለፉ»፣ «በመቶኛ»። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የተፈተኑት ልጆች 7ኛ ሲገቡ ስንት ነበሩ?» አልኳቸው። «እህቴ፣ ያለፉትን አላዩም እንዴ?» አሉና በጣታቸው ወደ መጨረሻው ዓምድ ጠቆሙኝ። ቻርቱ ላይ የገቡ የሚል ዓምድ አልነበረም። በኋላ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ከምዝገባ መዝገቡ በሁለት ደቂቃ ቆጥራ ነገረችኝ። ቁጥሩ አለ፤ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም እንጂ።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። ባለፈው ዓመት 8ኛን የተፈተኑት ልጆች 7ኛ ክፍል መስከረም ላይ ሲመዘገቡ ስንት ነበሩ? በመካከል ስንቱ መሸኛ ወሰዱ ወይም አቋረጡ፣ በየትኛው ወር? ለፈተና ስንት ቀረቡ? ስንቱ አለፉ?

ለምሳሌ እንዲሆን ሁለት ትምህርት ቤት ልፍጠር። አንደኛው 40 ልጅ አስፈትኖ 40ውም አልፈውለታል፤ 100% ነው። 7ኛ ላይ የመዘገበው ግን 72 ነበር። 40ን ለ72 ስታካፍሉት 56% ገደማ ይመጣል። ሁለተኛው 96 መዝግቦ፣ 90 አስፈትኖ፣ 68 አሳልፏል። ባነር ቢሰቅል 76% ብሎ ነው፤ ማንም ቆሞ አያነበውም። ከተመዘገቡት አንጻር ግን 71% ነው። ልጃችሁ ዛሬ የሚቀላቀለው የተመዘገቡትን ነው። ገና ለፈተና አልቀረበም።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል አትሁኑ። ሀዋሳ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ያለበት ከተማ ነው፤ ወላጅ ሥራ ሲቀይር፣ ኪራይ ሲጨምርበት ልጅም አብሮ ይሄዳል። ወሩን የማስጠይቃችሁ ለዚህ ነው። ክረምት ላይ የተሰጠ መሸኛ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ስለተዛወረ ነው። የካቲት ላይ፣ ልጆቹ በሚፈተኑበት በ8ኛ ክፍል፣ በአንድ ሳምንት አሥር መሸኛ ከተሰጠ ግን ቤት የቀየረ የለም።

ይህ ነገር በአገር ደረጃም ይሠራል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50% እና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3%፣ በ2015 3.2%፣ በ2016 5.4%፣ በ2017 8.4% ነበሩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲነጻጸሩ ከእጥፍ በላይ ነው። ታህቱን እንይ፦ በ2014 ዓ.ም. ከ896,520 ተፈታኞች 29,909 አለፉ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929። ያለፉት በእርግጥ ጨምረዋል፤ ጥሩ ነው። የተፈታኙ ቁጥር ግን ከ310,000 በላይ ቀንሷል። የ2017ቱን አላፊዎች በ2014ቱ ታህት ብናካፍላቸው 5.5% ገደማ ነው የሚመጣው። መሻሻሉ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን መቶኛው ብቻውን እንደሚለው አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃ የምትመርጡ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስ ለየብቻ ስንት ስንት አሳለፉ? በ2014 ዓ.ም. ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8%፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ 1.3% ብቻ ነበሩ 50% የደረሱት። ተፈጥሮ የሚበዛበት ትምህርት ቤት በድምሩ የተሻለ መስሎ መታየቱ አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስለዚህ «አምስት ልጅ አሳልፈናል» የሚል ትምህርት ቤት ስታገኙ ወዲያው አትናቁት፤ ከስንት ተፈታኝ እንደሆነ ጠይቁና ፍረዱ።

ቁጥሩን አንሰጥም ካሉስ? የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ በክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ መብት ነው፤ ማመልከቻውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂውን አስፈርሙ። የግል ከሆነና ከነጭራሹ የማይነግራችሁ ከሆነ እኔ ሌላ ትምህርት ቤት እፈልጋለሁ።

4. ካርዱን ከፈተናው ጋር አስተያዩ

እዚያ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉና ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የ8ኛ ክፍል ካርዱንና የክልላዊ ፈተና ውጤቱን። ካርዱ ላይ ሒሳብ 94፣ ፈተናው ላይ 51 ከሆነ ልጁ አልሰነፈም፤ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ማርክ ውሃ የበዛበት ነው። በሁለትና ሦስት ልጅ እንዲህ ያለ ክፍተት ካገኛችሁ የዚያን ትምህርት ቤት «ከክፍሉ 1ኛ» አትደሰቱበት። በተቃራኒው ማርክ የሚቆነጥጡ፣ ልጆቻቸው ግን ፈተና ላይ ከካርዳቸው በላይ የሚያመጡ መምህራን አሉ። እነሱን ያገኘ ወላጅ ዓመቱን ሙሉ ሲያማርር ይከርምና ሐምሌ ላይ ያመሰግናል።

5. የኢንስፔክሽን ደረጃውን ከውስጡ አንብቡ

ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ማዕቀፉ መሠረት በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 69 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89 ደረጃ 3፣ ከ90 በላይ ደረጃ 4 ነው። ደረጃ 3 የደረሰ መስፈርቱን አሟልቷል ይባላል።

ብዙ ወላጅ ደረጃውን ብቻ ሰምቶ ይመለሳል። ነጥቡ ግን ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40። ግብዓት ሕንፃው፣ መጽሐፉ፣ ላቦራቶሪው፣ የመምህሩ የትምህርት ደረጃ ነው። ሂደት የማስተማሩና የአመራሩ ሥራ ነው። አስቡት፤ ግብዓቱና ሂደቱ ሙሉ በሙሉ የተሟላለት ትምህርት ቤት በውጤት ምንም ባያገኝ እንኳ 60 ይዞ ደረጃ 2 ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «ደረጃ 2 ነን» ሲሏችሁ «ከ40ው ስንት አገኛችሁ?» በሉ። ደረጃ 2 ሆነው በውጤት ግን ከብዙዎቹ የሚሻሉ፣ ነጥብ የጣሉት ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ስለሌላቸው የሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። ለእኔ እነሱ ይሻሉኛል፤ መጽሐፍ መግዛት እችላለሁ፣ መምህር መግዛት ግን አልችልም። ከምዘናው በኋላ ለትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ግብረ መልስ ይሰጣል፤ ያንን ወረቀት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፣ መቼ እንደተመዘነም ቀኑን እዩ።

6. ግቡና ደብተር እዩ

ደብተር አይዋሽም። ከአንድ ጎበዝና ከአንድ መካከለኛ ልጅ የሒሳብ ደብተር አስጠይቁ፤ የትም ካልተቻለ ሲወጡ በር ላይ ጠብቃችሁ ከሰፈር ልጅ ተዋሱ። ከመስከረም እስከ ግንቦት ገልብጡ። ቀኑ ተጽፏል? የቤት ሥራው ታርሟል ወይስ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ራይት ተሰምሮበት ታልፏል? ልጁ የተሳሳተው ቦታ ላይ መምህሩ ምን ጻፈ? አንድ ጊዜ የ4ኛ ክፍል ደብተር ውስጥ 302 ሲቀነስ 148 ተብሎ 246 ተጽፎ አየሁ፤ ልጁ በየቤቱ ትንሹን አኃዝ ከትልቁ እየቀነሰ፣ መበደሩ ሳይገባው ነው የሠራው። በቀይ ራይት ተሰጥቶታል። በሚቀጥሉት ሦስት ገጾች ያው ስህተት ያው ራይት አለው። የዚያን ትምህርት ቤት ደጅ ሁለተኛ አልረገጥኩም።

የተማሪ ቁጥርም ቁጠሩ። ነባሩ መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ለመጀመሪያ ደረጃ፣ 40 ለሁለተኛ ደረጃ ነው። ፈረቃ መሆኑንና ለስንት ሰዓት እንደሚማሩ ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ከሆነ የሀዋሳ ሙቀት ቆርቆሮው ሥር ምን እንደሚመስል ስምንት ሰዓት ላይ ገብታችሁ ቅመሱት። ሽንት ቤቱን፣ በተለይ የሴቶቹን፣ ሳታዩ አትውጡ።

የግል ትምህርት ቤት ላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ዘንድሮ ስንት መምህር ተቀየረ?» ይህንን ርዕሰ መምህሩን አትጠይቁ። ጥበቃውን ጠይቁ። በር ላይ ቆሞ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ፣ የቱ መምህር አርፍዶ እንደሚገባ፣ የቱ ወላጅ አልቅሶ እንደወጣ ሁሉን ያውቃል።

7. የማስተማሪያ ቋንቋውን ለዩ

ሀዋሳ ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በከተማው ብዙ ትምህርት ቤቶች ዝቅተኛውን ክፍል በአማርኛ ያስተምራሉ፤ በሀዌላ ቱላ በኩል ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስትወጡ ማስተማሪያው ሲዳምኛ ይሆናል፤ የግሎቹ ደግሞ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እናስተምራለን ይላሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ 1ኛ ክፍል ማንበብ የሚማረው በምን ቋንቋ ነው? ሲዳምኛ እንደ ትምህርት ይሰጣል ወይስ ማስተማሪያ ነው? ሒሳብና ሳይንስ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩት ስንተኛ ላይ ነው? በቀድሞው ደቡብ ክልል ሽግግሩ 5ኛ ላይ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እዚያ 7ኛ ላይ ስለነበር 5ኛና 6ኛ ላይ ሲደናበር ብዙ ዓይተናል።

ልጁ ቤት ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ቢጀምር ይቀለዋል፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ግን ቋንቋው ትክክል ስለሆነ ብቻ ማንበብ ተማረ ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና በሲዳምኛ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ በላይ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ አላነበቡም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር የተፈተኑት።

8. ምዝገባው

ይህ አጭር ነው። የልደት ሰርተፍኬት፣ ያለፈው ዓመት ካርድ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ከሆነ መሸኛ፣ ጉርድ ፎቶ፤ ከየአንዳንዱ ሁለት ኮፒ። የግል ከሆነ የዘመኑን የዕውቅና ፈቃድ አሳዩኝ በሉ፤ ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነም አንብቡ። ክፍያው ውስጥ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርምና ቱቶሪያል መኖር አለመኖሩን ደረሰኝ ላይ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።

9. ኅዳር ላይ ተመለሱ

ከገባ በኋላ ሁለት ወር ስጡትና ቤት ውስጥ ራሳችሁ ፈትኑት። ካለፈው ዓመት መማሪያ መጽሐፍ ልጁ ያላየውን ገጽ ክፈቱ፣ የስልካችሁን ሰዓት አንድ ደቂቃ ላይ አድርጉ፣ ጮክ ብሎ ያንብብ። በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቁጠሩና ከካርዱ ጀርባ ጻፉት። ከዚያ ስላነበበው ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። የካቲት ላይ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካላለ ለሆም ሩም መምህሩ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ልጄ እየደከመ ነው» ከሚል ወላጅ ይልቅ «ኅዳር ላይ 38፣ የካቲት ላይ 40 ቃል» የሚለውን መምህርም በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

በወተመህ ስብሰባ ላይም ተገኙ። የዓመቱ የውጤት ትንተና የሚቀርበው እዚያ ነው፤ ቻርቱ ሲዘረጋ «የገቡና መሸኛ የወሰዱ ዓምዶች ይጨመሩልን» በሉ። እኛ ጋ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። አሁን አምስት ዓምድ አለው፤ አምስተኛውን መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ነች በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረችው።